የመስታወት ነፊው ሒሳብ

በሃንጋሪ፣ በሴገድ፣ በቲሳ ወንዝ ዳር፣
በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ ከእሳቴ ጋር
አርባ ዓመት ኖርኩ ብልቃጥ ስነፋ፤
እሷ ሦስተኛ ፎቅ ሞለኪውል ስትሰፋ።

ስሟ ቫድኬርቲ ፒሮሽካ ነው፤ በእኛ አገር የአባት ስም ይቀድማል፤
እሷን ግን የሚቀድማት ሽታዋ ነበር፤ ደረጃው ድኝ ድኝ ይላል።
ትራም ስትሳፈር ሰው ቦታ ይለቃል።
«ምንድን ነሽ?» አላት አንድ ሕፃን፣ አፍንጫውን ይዞ፣ ዐይን ዐይኗን እያየ፤
«መድኃኒት ነኝ» አለችው፣ «ገና ያልበሰልኩ፤ ማሰሮዬ ዘገየ።»

ጋዜጠኛ ሲመጣ ይጠይቃት ነበር፦
«በሳንባ ነቀርሳ የሞተብሽ አለ? ምን ገፋሽ ለዚህ ቁም ነገር?»
«የሞተብኝ የለም» ትለዋለች፣ «ቀለበት ወድጄ ነው እንጂ።»
ጣቷን ያያል እሱ፤ ባዶ ነው፤ በአሲድ የተላጠ እጅ።
ስድስት ጥግ ያለው ቀለበት ነበር፣ በአንዱ ጥግ ናይትሮጅን የተቀመጠበት፤
ያገባችው እሱን ነው፣ ዕድሜዋን የሰጠችለት።

ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ አንድ የሠራችው ሁሉ መከነ፤
ዱቄቱ ነጭ፣ ዱቄቱ ቢጫ፤ ጀርሙ በላዩ ሰርግ ደግሶ ዘፈነ።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገደለ።
በማግስቱ ደገመች፤ ገደለ። ሠለሰች፤ ገደለ።
ያን ዓመት ስሟ ከላይፕዚግ እስከ ኦሳካ ተባለ፤
ሜዳልያው መጣ፣ ጽሑፏን የሚጠቅስ በየወሩ ቀጠለ፤
ቀንሶ የማያውቅ የፓፕሪካ ነጋዴ «ላንቺ በነጻ» አለ።

ከዚያ አንድ ሌሊት በሬን አንኳኳች፤ እጇ ላይ ትንሽ ቧንቧ፣ የናስ፤
«ቤንደጉዝ፣ ይቺን ማን ገጠማት?» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ ቀስ።

እኔ ነበርኩ። የመስታወት መዝጊያ ከመጋዘን ጠፍቶ፣ ክረምቱም ከብዶ፣
ለአንድ ሳምንት ብዬ ናስ ገጠምኩ፤ ሳምንቱ ሦስት ዓመት ሆነ ነጉዶ።
ከናሱ ዚንክ ሟሙቶ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ፣
ገዳዩ እሱ ነው። ቀለበቷማ ለዐይን ብቻ ነው፣ የወረቀት አበባ።

የክፍሉ ኃላፊ ሰማ። «ዝም በይ» አላት፣ «ጊዜ ይሸፍነዋል፤
ሌላው ደግሞት ቢያጣው፣ የራሱን እጅ ይጠረጥራል።»
እሷ ግን ጻፈች፤ ሁለት ገጽ፤ «ተሳስቻለሁ» ብላ ጀመረች፤
ሜዳልያውን በፖስታ መለሰች፤ ፕሮፌሰርነቱን ስምንት ዓመት ጠበቀች።
አንዱን ዐረፍተ ነገር በቃሌ እላለሁ እስከ ዛሬ፦
«ብክለቱ የመጣው ከዕቃው ነው» ይላል። ስሜ የለም፤ አልተነካም ክብሬ።

ከእሷ እጅ ወጥቶ ሐኪም ቤት የደረሰ እንክብል የለም፤
ልዋሽ ብል እንኳ ብልቃጦቼ ይመሰክሩብኛል፤ አልዋሽም።
ግን ከኪቶ እስከ ሃኖይ፣ «ገዳይ አገኘሁ!» ብሎ የሚዘል ጀማሪ፣
ከመጮኹ በፊት ዚንኩን ያጥባል፤ ያቺ ሁለት ገጽ ናት መካሪ።

ትናንት ጡረታዋ ተከበረ። ቤተ መጻሕፍቱ ቆጥሮ መጣ፦
ከጻፈቻቸው ዘጠና ሦስት ጽሑፎች፣ ስሕተቷ አንደኛ ወጣ፤
ስድስት መቶ አሥራ አንድ ጠቃሽ። አጨበጨቡ። እሷ ከኬኩ ላይ ክሬሙን ትጠርግ ነበር፤
ወደ እኔ ዞር አለች፤ አንድ ዐይኗን ጨፈነች፤ አለቀ፤ ሌላ የለንም ምስጢር።

ስድስት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ፣ በየአገሩ መጽሔት፣
ስሜ ሳይጠራ ተጠቅሻለሁ፣ እኔ፣ የምድር ቤት።
ቧንቧዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ልጥላት ወንዙ ድረስ ወስጄ፣ መለስኳት፤
ዚንኳ ቲሳ ውስጥ ቢሟሟ፣ ለዓሣዋ ማን ሁለት ገጽ ይጻፍላት?